በገብስ ዛላ ላይ የምትበቅለው ጥቁር ፍሬ፦ ኤርጎት፣ ወሎና እኛ

«ሻጋታ» ሲባል መጀመሪያ ወደ አእምሯችሁ የሚመጣው ምንድን ነው? ብዙዎቻችሁ መሶብ ውስጥ ሦስትና አራት ቀን የሰነበተ እንጀራ እንደምትሉ እገምታለሁ። ልክ ናችሁ። እንጀራ ላይ ነጭ፣ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሆኖ ብቅ የሚለው ነገር ሻጋታ ነው፤ የፈንገስ ወገን ነው። ዛሬ የማወራችሁ ግን ከመሶብ ሳይሆን ከማሳ ስለሚነሳ ሌላ የፈንገስ ዘመድ ነው። የሻገተ እንጀራ ያስታውቃል፤ ሰው ያየዋል፣ ያሸተዋል፣ ይጥለዋል። ይኼኛው ግን እህል መስሎ ከእህሉ ጋር ይታጨዳል፣ አብሮ ይወቃል፣ አብሮ ይፈጫል፣ በመጨረሻም ዳቦ ወይም በሶ ሆኖ ገበታ ላይ ይቀርባል። አደገኛነቱም እዚህ ላይ ነው።

ሳይንሳዊ ስሙ ክላቪሴፕስ ፐርፑሪያ ይባላል። በዛላው ላይ የሚያወጣት ጥቁር ፍሬ መሰል ነገር ደግሞ ኤርጎት ትባላለች። ቃሉ ፈረንሳይኛ ሲሆን አውራ ዶሮ ከእግሩ ኋላ የሚያወጣትን ሹል ጥፍር ማለት ነው። አንድ ጊዜ ያያት ሰው ስሙ ለምን እንደወጣላት ወዲያው ይገባዋል። ከገብሱ ፍሬ ረዘም ትላለች፣ ትንሽ ጎበጥ ትላለች፣ ቀለሟ ጥቁር ሆኖ ወደ ወይን ጠጅ ያደላል። ስትሰበር ውስጧ ነጣ ያለ ነው።

ይህን ርዕስ የመረጥኩት እንዲሁ ሳይንስ ደስ ስለሚለኝ ብቻ አይደለም። በዓለም የሕክምና መጻሕፍት ውስጥ ስለ ኤርጎት መመረዝ ስታነቡ ከመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ታሪክ ቀጥሎ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የሀገር ስም ኢትዮጵያ ነው። ከኢትዮጵያም ደግሞ ወሎ።

በወሎ የሆነው

እ.ኤ.አ. በ1977 እና በ1978፣ በእኛ አቆጣጠር በ1970 ዓ.ም. ገደማ መሆኑ ነው፣ በያኔው የወሎ ክፍለ ሀገር ሰዎች በማይታወቅ በሽታ መያዝ ጀመሩ። መጀመሪያ ድካም ይመጣል፣ ከዚያ ቆዳቸው ላይ ጉንዳን የሚሄድ ይመስላቸዋል፤ እጅና እግራቸው ይቃጠላል። ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስና ተቅማጥም ነበር። ቆየት ሲል የአንዳንዶቹ ጣትና እግር መጥቆር፣ መድረቅ፣ ከዚያም መቆረጥ ጀመረ። በወቅቱ 93 ሰዎች መታመማቸው ተመዝግቧል። ከእነዚህ ውስጥ 47ቱ ሞተዋል፤ ከግማሽ በላይ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ጉዳዩ «ላንሴት» በተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔትና በራሳችን የኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት ላይ ታትሞ ወጣ።

ከታመሙት ውስጥ ከመቶ ሰማንያ የሚበልጡት ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 34 ዓመት የሆነ ነበር። ልብ በሉ፣ እናንተና ታናናሾቻችሁ፣ እንዲሁም እንደ እኔ ያሉ ታላላቆቻችሁ ማለት ነው።

ታዲያ ምክንያቱ ምን ነበር? ቀደም ባሉት ሁለት ዓመታት አካባቢው ድርቅ መትቶታል። ድርቁ ሲያልፍ በገብስ ማሳ ላይ ገብሱን እየዋጠ የበዛው ስናር ነበር። ስናርን የደጋ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ ገብስ መካከል ሳይጠሩት የሚበቅል፣ በደግ ዘመን ታርሞ የሚጣል ወይም ተቀላቅሎ የሚታጨድ እህል ነው። በዚያ ዓመት ስናሩ ላይ ኤርጎት በብዛት ወጥቶበት ነበር። ሰዉ ገብስና ስናሩን አንድ ላይ አጭዶ፣ ወቅቶ በላው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። እንዲህ ያለ ታሪክ ስንሰማ ቶሎ «ባለማወቃቸው ነው» ማለት ይቀናናል። በዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ሶሲዮሎጂ ነውና ይህ አባባል ብዙም አይዋጥልኝም። የወሎ ገበሬ እህሉን ሳያበጥር፣ ሳይለቅም የሚበላ ሰው አይደለም። እናቶቻችን ሰፌድ ላይ አንዲት ጠጠር አታልፋቸውም። ነገር ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ጎተራው ባዶ ሆኖ የከረመ ቤት፣ መጀመሪያ የደረሰውን እህል ሲያገኝ ግማሹን ጥቁር ነው ብሎ ሊደፋው ይችላል? ልጆቹ እያለቀሱ? መርዙ የፈንገሱ ነው፤ ወደ ሰው አፍ ያደረሰው ግን ረሃብ ይመስለኛል።

ነገሩ በወሎ ብቻም አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2001 በአርሲ በኤርጎት የተበከለ ገብስ የበሉ ሰዎች በዚያው በጋንግሪን ዓይነት ታመሙ። ያኔ የኢትዮጵያ ጤናና ሥነ ምግብ ምርምር ኢንስቲትዩት ይባል የነበረው፣ ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሆነው ተቋም ተመራማሪዎች ጉዳዩን በላቦራቶሪ አጥንተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2002 አሳትመዋል።

ፈንገሱ እንዴት ይኖራል?

እኔ የምሠራበት የግሸን አካባቢ ደጋ ነው። መስከረም 21 ለግሸን ማርያም ክብረ በዓል የሚመጣው ምዕመን በሶውንና ቆሎውን ቋጥሮ ወደ አምባው ሲወጣ ግራና ቀኙ እህል ነው። ብርድ፣ ጉምና ካፊያ የማይለየው ስፍራ ነው። እንዲህ ያለው ቀዝቃዛና እርጥብ አየር፣ በተለይ እህሉ አበባ በሚያወጣበት ሰሞን ከመጣ፣ ለዚህ ፈንገስ ድግስ ነው።

የሕይወቱ ዑደት እንዲህ ነው። ጥቁሯ ፍሬ በአጨዳ ጊዜ መሬት ላይ ትወድቃለች፤ ወይም ከዘሩ ጋር ተቀላቅላ ትዘራለች። አፈር ውስጥ ተኝታ ትቆይና እርጥበትና ቅዝቃዜ ሲመቻት ከላይዋ ትንንሽ እንጉዳይ የመሰሉ፣ ቀጭን አንገትና ክብ ጭንቅላት ያላቸው ነገሮች ይወጣሉ። ከእነዚህ የሚወጣው በዓይን የማይታይ ስፖር በነፋስ ይሄድና ያበበ እህል ላይ ያርፋል። የሚገባው በአበባው በኩል፣ ፍሬ ሊሆን የነበረው ቦታ ውስጥ ነው። ስለዚህ ፈንገሱ ዘር አይበላም፤ ዘሩ ሊቀመጥበት የነበረውን ወንበር ነው የሚቀማው።

ከሳምንት በኋላ ገደማ ከዛላው ላይ ማር የመሰለ፣ የሚጣበቅ፣ የሚጣፍጥ ፈሳሽ ይንጠባጠባል። ዝንብና ሌሎች ነፍሳት ይህን ሊልሱ ይመጣሉ፣ እግራቸውም ፈሳሹን ይዞ ወደሚቀጥለው አበባ ያደርሳል። ዝናቡም እየረጨ ያዳርሰዋል። በዚህ ጊዜ በሽታው ከአንድ ዛላ ወደ ሙሉ ማሳ ይሄዳል። ሦስት አራት ሳምንት ሲሞላው ፈሳሹ ይደርቅና በፍሬው ምትክ ጥቁሯ ቀንድ ጠንክራ ትወጣለች።

ይህ ፈንገስ የሚይዘው የሣር ወገን የሆኑትን ብቻ ነው፤ ገብስ፣ ስንዴ፣ ስናር፣ የግጦሽ ሣርም ጭምር። ከሁሉ በላይ የሚወደው ግን በአውሮፓ የሚዘራውን ራይ የሚባለውን እህል ነው፤ አበባው ለረጅም ጊዜ ስለሚከፈት። ገብስና ስንዴ አብዛኛውን ጊዜ አበባቸውን ዘግተው ራሳቸውን በራሳቸው ስለሚያዳቅሉ የተሻለ መከላከያ አላቸው። ውርጭ የአበባውን ወንዴ ክፍል ሲገድለው ግን አበባው ዘር ፍለጋ ተከፍቶ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ገብሱም ይጠቃል። ባቄላ፣ አተርና ምስር ጨርሶ አይያዙም። ይህ ቀላል የሚመስል እውነት ለገበሬው ትልቅ ጥቅም አለው። ኤርጎት የታየበትን ማሳ በሚቀጥለው ዓመት ባቄላ ቢዘሩበት አፈር ውስጥ የተኛችው ጥቁር ፍሬ የምትይዘው አበባ አጥታ ትሞታለች፤ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ዓመት በላይ አትቆይምና። ጠለቅ አድርጎ ማረስም ይቀብራታል፤ ከጥልቁ ጉድጓድ እንጉዳይዋን ወደ ላይ ማውጣት አትችልም።

ሰውነት ውስጥ የሚያደርገው

የባዮሎጂ ተማሪ የሆናችሁ እዚህ ጋ ጠጋ በሉ። ኤርጎት ውስጥ አልካሎይድ የሚባሉ ብዙ ኬሚካሎች አሉ፤ ኤርጎታሚንና ኤርጎሜትሪን ከእነሱ ውስጥ ይጠቀሳሉ። የእነዚህ ኬሚካሎች ቅርፅ ሰውነታችን ራሱ ለመልእክት ከሚጠቀምባቸው እንደ ዶፓሚንና ሴሮቶኒን ካሉት ጋር ይመሳሰላል። በመመሳሰላቸውም የሰውነትን በር በሐሰተኛ ቁልፍ ይከፍታሉ ማለት ይቻላል።

የደም ቧንቧ ላይ ሲደርሱ ቧንቧው ይጨመታል፣ ይጠብባል። ከልብ ራቅ ያሉት ጣቶች፣ እግር፣ አፍንጫና ጆሮ ደም ያጣሉ። ደም ያጣ ሥጋ ደግሞ መጀመሪያ ይቃጠላል፣ ከዚያ ይደነዝዛል፣ በመጨረሻ ይሞታል። ደረቅ ጋንግሪን ማለት ይህ ነው፤ ያለ መግልና ያለ ብዙ ደም አካሉ ከሰል መስሎ ይደርቅና ይለያል። በአንዳንድ ሰው ላይ ደግሞ ነርቭን ይነካና ማንቀጥቀጥና መንፈራገጥ፣ አንዳንዴም የሌለ ነገር ማየት ያመጣል። የማሕፀን ጡንቻም ስለሚጨመት እርጉዝ ሴት ልታስወርድ ትችላለች።

ስለ ወሎው በሽታ ሳነብ በጣም ያሳዘነኝ ሌላ ነገር ነው። ዶፓሚን በተፈጥሮው አንጎል ፕሮላክቲን የተባለውን ወተት የሚያስፈጥር ሆርሞን እንዳያመርት ይይዛል። የኤርጎት ኬሚካልም እንደ ዶፓሚን ሆኖ ይህንኑ ያደርጋል። ስለዚህ የበላችው እናት ጡቷ ይደርቃል። ከጡት ውጪ ምንም በማይገኝበት የችግር ጊዜ ሕፃኑ ያንን እህል ሳይቀምሰው በእሱ ምክንያት ሊሞት ይችላል ማለት ነው። ላሞችም እንዲሁ ናቸው፤ በኤርጎት የተበከለ ድርቆሽ ወይም እህል የበላች ላም ወተቷ ይቀንሳል፣ ታነክሳለች፣ ሲብስም የጆሮዋና የጭራዋ ጫፍ ይቆረጣል። እረኛ የሆነ ልጅ ይህን ካየ የበላችውን መኖ ይመርምር።

መጋገርና መቀቀል መርዙን በመጠኑ ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። «እሳት ያየ ነገር አይጎዳም» የሚለው አነጋገር እዚህ አይሠራም።

ሲወዳደር የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ። በአንድ የፀረ ኤድስ ክበብ ውይይት ላይ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ «ሲስተር፣ እንደ ጓያ ነው ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። (ነርስ አይደለሁም፣ ግን ገጠር ውስጥ ስለ ጤና የሚያወራ ሴት ሁሉ ሲስተር ነው።) ጥሩ ጥያቄ ነው። ጓያ እግር የሚያሽመደምደው በራሱ በፍሬው ውስጥ በተፈጥሮ ባለው መርዝ ነው፤ ጤነኛው ጓያም መርዙ አለበት። ገብስ ግን ንጹሕ ምግብ ነው፤ መርዙን ይዞ የመጣው እንግዳው ፈንገስ ነው። የሚያመሳስላቸው ነገር ቢኖር ሁለቱም በተለይ በድርቅ ማግስት ጉዳታቸው መክፋቱ ነው።

የእንጦንስ እሳት

ይህ በሽታ በአውሮፓ ለብዙ መቶ ዓመታት ሕዝብ ጨርሷል። የሚያቃጥል ስሜት ስላለው «የቅዱስ እንጦንስ እሳት» ይሉት ነበር። አዎ፣ እኛ የመነኮሳት አባት የምንላቸው የግብፁ አባ እንጦንስ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1095 ገደማ በፈረንሳይ በስማቸው የተቋቋመ ማኅበር እነዚህን ሕሙማን የሚያስታምሙ ቤቶች በየሀገሩ ከፈተ። ብዙ ሕሙማን እዚያ ሄደው ይሻላቸው ነበር። የዘመኑ ሰው ፈውሱን የሰጠው ለቅዱሱ ጸሎት ነው። ዛሬ የሚታወቀው ተጨማሪ ምክንያት ደግሞ እዚያ የሚሰጣቸው ዳቦ ከቤታቸው ዳቦ የተሻለና የጠራ መሆኑ ነው። የተበከለውን እህል መብላት ሲያቆሙ ገና ያልሞተው ሥጋ ደም ማግኘት ይጀምራል።

እ.ኤ.አ. በ1676 ዴኒ ዶዳር የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በሽታው ከጥቁሯ ፍሬ ጋር የተያያዘ መሆኑን ለሀገሩ የሳይንስ አካዳሚ ጻፈ። ጥቁሯ ፍሬ የበሽተኛ እህል ዘር ሳትሆን የፈንገስ ዕድሜ አንድ ምዕራፍ መሆኗን በትክክል ያሳየው ግን ሌላ ፈረንሳዊ፣ ሉዊ ረኔ ቱላን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1853። ከማወቅ እስከ ማስረዳት ወደ 180 ዓመት ፈጀ ማለት ነው።

ጣቱ የተቆረጠ ሰው

ጣት ሲጠቁርና ሲቆረጥ ያየ ጎረቤት ምን ይላል? የሥጋ ደዌ ነው ይላል፤ ወይም እርግማን ነው፣ ቡዳ ነው ይላል። በወሎ የሥጋ ደዌ ታሪክ ረጅም ነው፤ ከደሴ ወጣ ብሎ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታልም ለብዙ ዓመታት የሚታወቀው በሥጋ ደዌ ሕክምና ነበር። ኤርጎት ግን ከሰው ወደ ሰው ጨርሶ አይተላለፍም። አብሮ በመብላትም፣ በመጨባበጥም፣ አብሮ በመተኛትም አይያዝም። አንድ ቤተሰብ ሁሉ አብሮ ቢታመም አንዱ ከሌላው ተጋብቶበት ሳይሆን ከአንድ ጎተራ ስለበሉ ነው። የሥጋ ደዌም ቢሆን በመድኃኒት የሚድን ነው፤ ያም ሆኖ መገለሉ ከበሽታው በላይ ሲጎዳ ኖሯል። በኤች አይ ቪ ጉዳይ የምታውቁት ነገር ስለሆነ አላስረዝመውም።

የሚያቃጥልና የሚደነዝዝ ስሜት፣ የገረጣ ወይም የጠቆረ ጣት ያየ ሰው እህሉን መብላት አቁሞ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። ጣቱን በክር ማሰር፣ በእሳት መተኮስ፣ ወጌሻ ጋ ሄዶ ማሸት ያባብሰዋል፤ ቀድሞውንም ደም ያጣ አካል ነውና። ለሐኪሙም «ምን በላችሁ?» እስኪል ሳይጠብቁ የበሉትን እህል ናሙና ይዞ መሄድ ጥሩ ነው።

መርዙ መድኃኒት ሲሆን፣ መድኃኒቱ መርዝ ሲሆን

ከኤርጎት ጋር የመድኃኒት ታሪክም አብሮ ይሄዳል። የማሕፀንን ጡንቻ የሚያጨምተው ኬሚካል ከወለደች በኋላ ደም የሚፈሳትን እናት ሊያድን እንደሚችል የአውሮፓ አዋላጆች ድሮውንም ያውቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1935 ኤርጎሜትሪን ተለይቶ ወጣ፤ በመርፌ መልክም በዓለም ዙሪያ የብዙ እናቶችን ሕይወት አተረፈ። ዛሬ ቅድሚያ የሚሰጠው ኦክሲቶሲን ለተባለው መድኃኒት ቢሆንም ኤርጎሜትሪንም አለ፤ የደም ግፊት ላለባት እናት ግን አይሰጥም፣ ለምን እንደሆነ አሁን ራሳችሁ መገመት ትችላላችሁ። ኤርጎታሚን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1918 አርተር ስቶል በተባለ የስዊዘርላንድ ኬሚስት ተለይቶ ለማይግሬን፣ ለከባዱ የራስ ምታት ማለት ነው፣ መድኃኒት ሆነ።

ይህ መጽሔት የኤች አይ ቪ መጽሔት ስለሆነ አሁን የምለውን በደንብ ያዙልኝ። ጉበታችን ኤርጎታሚንን የሚያፈርስበት አንድ ኢንዛይም አለው። ሪቶናቪር የተባለው የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ይህን ኢንዛይም ያግደዋል። ሪቶናቪር ያለበት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ለራስ ምታት ብሎ ኤርጎታሚን ያለበት ክኒን ቢውጥ፣ አንዷ ክኒን ሳትፈርስ ደም ውስጥ እየተከማቸች የመካከለኛው ዘመንን በሽታ ታመጣለች፤ ጣት ይገረጣል፣ እግር ይቀዘቅዛል፣ ሲብስ እስከ መቆረጥ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ እንዲህ የታመሙ ሰዎች ጉዳይ በሕክምና መጽሔቶች ላይ ሲወጣ ቆይቷል። ገብስ ያልነኩ፣ ማሳ ያልረገጡ፣ የከተማ ሰዎች ናቸው።

በአሁኑ ጊዜ በሀገራችን አብዛኛው የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ተጠቃሚ የሚወስደው ዶሉቴግራቪር ያለበትን ነው፤ እሱ ይህ ችግር የለበትም። ሪቶናቪር የሚገኘው በአብዛኛው የመጀመሪያው መድኃኒት ላልሠራላቸው፣ ሁለተኛ መስመር በሚባለው ሕክምና ውስጥ ነው። እናትና አባቱ ወይም እሱ ራሱ መድኃኒቱን የሚወስድ ልጅ መካከላችሁ ይኖራል። መድኃኒት ቤት ሄዶ «የራስ ምታት ስጡኝ» ከማለት በፊት የሚወስደውን መድኃኒት ስም መናገር አለበት። ሰው ፊት መናገር የሚከብድ ከሆነ የመድኃኒቱን ብልቃጥ ወይም ካርዱን ማሳየት ይበቃል፤ ወይም ሕክምናውን ከሚከታተልበት ተቋም መጠየቅ። ኤሪትሮማይሲንና ክላሪትሮማይሲን የሚባሉት አንቲባዮቲኮችም ከኤርጎታሚን ጋር አብረው እንዳይወሰዱ የተከለከሉ ናቸው፤ ይህ ቫይረሱ ያለበትንም የሌለበትንም ይመለከታል።

አረማሞ ወይስ ኤርጎት?

አንድ አዛውንት ገበሬ ደጃቸው ላይ የተሰጣ ገብስ አይቼ «አባባ፣ ጥቁር ፍሬ አይገኝበትም እንዴ?» ብላቸው «አረማሞ ነው ልጄ፣ መች ጠፍቶ ያውቃል!» አሉኝ። ሁለቱን መቀላቀል የተለመደ ነው። አረማሞም ፈንገስ ነው፤ ዛላውን ጥቁር ያደርገዋል። ግን አረማሞ ዱቄት ነው፤ በጣት ሲነኩት እንደ ጥላሸት ይቀባል፣ ነፋስም ይዞት ይሄዳል። ኤርጎት ጠንካራ ናት፤ በጣት አትፈርስም፣ አትቀባም፣ ከዛላው ወጣ ብላ እንደ ቀንድ ትታያለች። አረማሞ በዋናነት ምርት ነው የሚቀንሰው። ኤርጎት ግን ሰው ትገድላለች። እኚህ አዛውንት ያሳዩኝ እውነትም አረማሞ ነበር፤ ጣቴ ላይ ጥላሸቱ ቀርቷል።

ምን ያህሏ ትጎዳለች? የዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ፣ ኮዴክስ የሚባለው፣ ለስንዴ የፈቀደው ከክብደቱ 0.05 በመቶ ብቻ ነው። በኩንታል ስታሰሉት 50 ግራም ይመጣል። አንድ እፍኝ ገደማ ነው፤ በመቶ ኪሎ ውስጥ።

ለማጥራት የመጀመሪያው ዘዴ ዓይንና ሰፌድ ነው። ረዣዥሞቹ በወንፊትም ይቀራሉ። አጥብቆ ማጥራት ለሚፈልግ፣ በተለይ ለዘር ለሚቀመጥ እህል፣ የጨው ውሃ አለ። በ10 ሊትር ውሃ ውስጥ 2 ኪሎ ያህል ጨው አሟሙቶ እህሉን መጨመርና ማማሰል ነው። ኤርጎት ከጤነኛው ፍሬ ስለምትቀልል ትንሳፈፋለች፤ ባዶውና የቀለለው ገብስም አብሮ ይንሳፈፋል። የተንሳፈፈውን ሁሉ ጠልቆ ማውጣት፣ የሰመጠውን በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ማጠብና ፀሐይ ላይ በደንብ ማድረቅ ነው። ጨው በገንዘብ ነው፣ ውሃም በሸክም ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ይህ ለየቀኑ ዳቦ የሚሆን ዘዴ ነው አልልም። ከተፈጨ በኋላ ግን ምንም ዘዴ የለም። ዱቄቱ ትንሽ ጠቆር ቢል እንኳ ለይቶ ማውጣት አይቻልም፤ ስለዚህ መለየት ያለበት ከወፍጮ ቤት በፊት ነው።

ከማድረቁ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር ልጨምር። እርጥብ ሆኖ ጎተራ የገባ እህል ሌላ ሻጋታ ይጠብቀዋል፤ አስፐርጂለስ ፍላቨስ የሚባል፣ አረንጓዴ ወደ ቢጫ የሚያደላ። በተለይ በቆሎ፣ ኦቾሎኒና በርበሬ ይወዳል። የሚያመነጨው አፍላቶክሲን ጉበት ይጎዳል፤ ለረጅም ጊዜ ሲበላ ለጉበት ካንሰር ያጋልጣል። እ.ኤ.አ. በ2004 በጎረቤታችን ኬንያ የሻገተ በቆሎ የበሉ 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞተዋል። ኤርጎት የማሳ ችግር ነው፣ አፍላቶክሲን በአብዛኛው የጎተራ ነው፤ ሰፌዱ ለአንዱ፣ ፀሐዩ ለሌላው ነው የሚሠራው። የሻገተውን እህል ለጠላ ማዋል ወይም ለላሟ መስጠትም መፍትሔ አይደለም፣ መርዙ በወተቱ ይመለሳልና።

የተለቀመችውን ጥቁር ፍሬ ደግሞ ደጅ ላይ አትበትኗት። ዶሮ ትለቅማታለች፣ ከብት ይልሳታል፣ ዝናብ ሲመጣም ወደ ማሳው ትመለሳለች። ጠለቅ ያለ ጉድጓድ ቆፍሮ መቅበር ወይም እሳት ውስጥ መጨመር ነው። ካገኛችሁ ሁለት ሦስት ፍሬ በብልቃጥ ከድናችሁ ለባዮሎጂ መምህራችሁ ውሰዱ፤ በማጉያ መነጽር ስትታይ የዶሮዋ ጥፍር ይበልጥ ይገባችኋል። ለቀበሌው የግብርና ባለሙያም አሳዩ፤ በየትኛው ማሳ እንደተገኘች ንገሩት። እጃችሁንም ታጠቡ።